ጋሽ ደህና እንዴት እንደታመሙ

በየቤቱ አንድ የማይታመም ሰው አለ። በሽታ የማያውቀው ሰው ማለቴ አይደለም። በሽታማ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ቤቱ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ዓመት ሁለት ዓመት አብሮት ከርሟል። ሰውየው ግን «እንግዳ አለብኝ» ብሎ አይናገርም። በቃሬዛ ተሸክመው ሲወስዱት እንኳ ቀና ብሎ ተሸካሚዎቹን «ከበድኳችሁ እንዴ?» ይላል። እናንተም ቤት አይጠፋም። አባት ካልሆነ አጎት ነው፤ አጎት ካልሆነ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛ ቤቱ ክቡር የባለቤቴ አባት ናቸው። ሙያቸው አናጺ፣ ማዕረጋቸው «ጋሽ ደህና» ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ ምክንያቱም ሰላምታ ሳያልቅ መልስ ይሰጣሉ። ሰው «እንዴት…» ብሎ አፉን ሲከፍት እሳቸው «ደህና!» ብለው ዘግተውታል። እጅግ ከተጨነቁ፣ ማለትም ፊታቸው አመድ መስሎ ላብ ካጠመቃቸው፣ አንድ ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈቅዳሉ፦ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል።»

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ብርድ በሐሰት የተወነጀለ ፍጥረት የለም። ጥርሳቸው ሲያብጥ ብርድ ነው። ወገባቸው ሲያዝ ብርድ ነው። አንድ ቀን የረገጡት ሚስማር የጫማቸውን ሶል በስቶ በላይ በኩል ብቅ አለ። የጮኽኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩና «አይ! አዲስ ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ ሚስማሩን ነቅለው፣ በመዶሻ አቃንተው፣ ይሠራል ብለው ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ እግራቸው ዳቦ አክሎ ሲያነክሱ፣ ባለቤታቸው እትዬ «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። መልሱን ታውቁታላችሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ሊጠይቃቸው የሄደ ሰውም ጉዱ ይፈላል። ገና ከመቀመጡ «አንተ ግን ከስተሃል፣ ምን ነክቶህ ነው?» ይሉታል። ቀጥለው የተቀመጠበትን ወንበር ይነቀንቁና አስነስተው እግሩን ያጠብቁለታል። ጠያቂ ሆኖ የገባ ተጠይቆ ይወጣል።

ሐኪም ቤት በዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ ሄደዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ በር ሊጠግኑ ነው። በሦስተኛው አንዲት ነርስ መዶሻውን በሁለት እጃቸው ሲያነሱ አይታ ነገሩ አላማራትም። ራጅ እንዲነሱ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ጋሽ ደህናም አመስግነው ተቀበሉ፤ በጀርባው የአንድ ደንበኛ መስኮት ነደፉበትና ከመስኮቱ ጋር ለባለቤቱ አስረከቡት።

ይህን ሁሉ እያነሳን እንስቅ ነበር። ሳቁ የቆመው አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው የያዘውን ብርጭቆ ዝም ብሎ ለቀቀው። «እርጥብ ነው» አሉ ስብርባሪውን እያዩ። ባለቤቴ ግን ብርጭቆውን አላየችም፤ አባቷን ነበር የምታየው። በግራ እጃቸው የቀኝ ክርናቸውን ደግፈው ይዘውታል።

በማግስቱ «አባዬ፣ የሆስፒታሉ በር ተበላሽቶ ና ብለውሃል» አለቻቸው። መዶሻቸውን ይዘው እየተቻኮሉ ተከተሏት። በዚህ ዓይነት ተታለው ራጅ ተነሡ።

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት ዘርግቶ ብዙ ቆየ። የትከሻቸው መገጣጠሚያ አልቋል። የአንገታቸው አጥንት ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። «ከዚህ በኋላ ከራስዎ በላይ መዶሻ ካነሱ፣ ይህ እጅ ማንኪያም አያነሳልዎ» አላቸው። «ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ትናንት ምሳ ላይ» አሉ ጋሽ ደህና።

እንግዲህ ነገራችን እዚህ ላይ ተጀመረ። ጋሽ ደህና በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ከሁለት ዓመት በፊት ለቀዋል። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ቋሚ የአካል ጉዳት አበል የማግኘት መብት አለው። ግን ጉዳቱ እዚያው እየሠራ ሳለ እንደጀመረው በማስረጃ ማሳየት፣ ከዚያም የሕክምና ቦርድ ፊት መቅረብ አለበት። ካልተሳካ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ነጋዴ የመጋዘን ጣሪያ ሊሠሩ ቃል ሰጥተዋል። «አበል ከሰጡኝ እቀመጣለሁ፤ ካልሰጡኝ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ። ሥራ ፈትቼ የሰው ፊት አላይም» ብለው ቆረጡ። ጣሪያ ላይ ከወጡ ደግሞ እጃቸው አለቀለት ማለት ነው።

ወደ ድርጅቱ መዝገብ ቤት ሮጥኩ። ጸሐፊዋ ፋይላቸውን ስታወጣው ከቅጠል የሳሳ ነው። ገለጠችና «ሃያ ስድስት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ የሕመም ፈቃድ አልወሰዱም» አለች በአድናቆት። «እንዲያውም ከሥራ ቀርተው ስለማያውቁ ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል።» የሽልማቱን ወረቀት ኮፒ ላድርግልህ አለችኝ፤ ተይው አልኳት።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። በሽተኛ መስለው እንዲቀርቡ ያልነው ሁሉ ሜዳ ቀረ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው እንደ ሙሽራ ገቡ። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰሙና ቆም ብለው ማጠፊያውን መረመሩ። ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናቸው።

«አባት፣ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን፣ በጣም ደህና! እናንተስ? ሥራ እንዴት ነው? ልጆች ደህና?»

ከሦስቱ ወጣቱ ሐኪም «እስቲ ቀኝ እጅዎን ያንሱ» አላቸው። ጋሽ ደህና ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሁሉ ተገታትሮ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ድረስ አነሱት። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ «ኧረ ያውርዱት!» እላለሁ በሆዴ። ሲወጡ እየሳቁ ነበር። ቤት ገብተው ሦስት ቀን አልተነሱም። ብርድ ነው።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ፦ «ሥራ ለመሥራት ብቁ ናቸው።» ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን ተሰጥቶናል። እኛ ሐዘን ተቀመጥን፤ እሳቸው ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። ደብዳቤውን ለጎረቤት ሁሉ አዞሩት። «ሦስት ሐኪም ፈርሞበታል! በዚህ ሰፈር ደህና ነህ የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ማን አለው?» ይሉ ነበር። ማንም አልነበረውም። በመጨረሻ በገዛ እጃቸው ፍሬም ሠርተው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት።

እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ «ና አንተ ጸሐፊ፣ አንብበው» አሉኝ። ላነበው ጎንበስ አልኩ። በጣም ጎንበስ አልኩ፤ ፍሬሙ የተሰቀለው ከሆዴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ዝቅ አደረጉት?»

«ልጆች እንዲያነቡት» አሉ። በዚያ ቤት ማንበብ የሚችል ልጅ የለም።

እሳቸው የመጋዘኑን ጣሪያ ሊለኩ ሲወጡ እኔ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት የገባሁበትን ቤት እንደ አዲስ አየሁት። ወጥ ቤት ያለው አሮጌው መደርደሪያ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። የመኝታ ቤቱ የልብስ መስቀያ ከእሱ ዝቅ ይላል። የሳሎኑ መደርደሪያ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይሄው ፍሬም ደግሞ ከሁሉም በታች ነው። ሰው ሚስማር የሚመታው እጁ በደረሰበት ነዋ!

«እትዬ፣ ሜትር ይስጡኝ» አልኩ።

ጋሽ ደህና አንድ ልማድ አላቸው። ሠርተው የጨረሱትን ዕቃ ሁሉ ከሥሩ በእርሳስ ቀኑን፣ ከመሬት ያለውን ከፍታና ፊርማቸውን ያኖሩበታል። «ነገ ባለቤቱ እንዲህ አላልኩህም ቢለኝ ምስክሬ ነው» ይላሉ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ በስልኬ መብራት እያየሁ አነበብኩ፤ ባለቤቴ እየለካች አረጋገጠች፤ እትዬ ሜትሩን ያዙልን። ወጥ ቤት፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት። የልብስ መስቀያው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ከሰባ ስምንት። የሳሎኑ፣ ከስምንት ዓመት በፊት፣ አንድ ከስልሳ። ፍሬሙ፣ በዚህ ሳምንት፣ አንድ ከአሥር። አንድም ቀን አሞኛል ያላሉት ሰውዬ የሕመማቸውን ታሪክ በገዛ እጃቸው፣ በቀንና በፊርማ፣ ቤቱ ውስጥ ጽፈውት ኖረዋል።

እትዬ ሜትሩን እንደያዙ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አጭር ሴት ናቸው። «እኔ እኮ ለእኔ አስቦ ዝቅ የሚያደርግልኝ መስሎኝ ነበር። ስመርቀው ኖርኩ» አሉና አለቀሱ።

እኔም አፈርኩ። ቤታችን ውስጥ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ስንጋባ የሠሩልን የሲኒና የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ጎንበስ ብዬ ሲኒ አንስቼ ቀና ስል ግንባሬን ስንት ጊዜ እንደመታኝ ጠባሳው ይመስክር። «አባትሽ መዋዕለ ሕፃናት ሊሠሩልን አስበው ነበር?» እያልኩ ስቀልድባቸው ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ማታ ሥሩን አየሁት፤ አንድ ከሠላሳ ስምንት። በዚያ ጊዜ እጃቸው ከዚያ በላይ አልደረሰላቸውም።

ቤቱ ግን ቤት ነው፤ ቦርዱ የሚፈልገው የሥራ ቦታቸውን ነው። በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ሄጄ አለቃቸው የነበሩትን ሰው ያዝኩ። የጋሽ ደህና መሣሪያ የሚንጠለጠልበት ቦታ የት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ግድግዳው አጠገብ ወሰዱኝ። ከላይ ወደ ታች አራት ረድፍ የሚስማር ቀዳዳ ነበር፤ በየረድፉ በእርሳስ ቀን ተጽፎበታል። የመጨረሻው ረድፍ የተመታው ከመልቀቃቸው ሦስት ወር በፊት ነው፣ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት።

አለቃው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ ወረዱ። «መሣሪያውን ባወረደ ቁጥር 'አረጀህ፣ ተቀምጠህ ልትሠራ ነው' እያልን እንስቅበት ነበር» አሉ። «እሱም አብሮን ይስቃል።» ከዚያ ሳልለምናቸው ወንበር ስበው ደብዳቤውን ጻፉና ማኅተም አሳረፉበት።

ቀሪው ሥራ የከበደው ነው፤ ባለጉዳዩን ማሳመን። ጋሽ ደህና የይግባኙን ወረቀት አዩና ገፉት። «ታምሜያለሁ ብዬ እጄን አልዘረጋም» አሉ።

«እጅህን መዘርጋት ብትችልማ ምን እዚያ አስኬደን!» አሉ እትዬ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ይሄው ማዕረግህ ጋሽ ደህና ነው! ጣሪያው ላይ የምትወጣ ከሆነ እኔም መሰላሉን ይዤ አልቆምልህም። ሌላ ሚስት ፈልግ።»

«እኔ ግን አልዋሽም» አሉ በመጨረሻ፣ ወረቀቱን መልሰው ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

«አይዋሹም፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሳሉ» አልኳቸው።

ሠላሳው ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እትዬንና ባለቤቴን ጨምረን ቦርዱ ፊት ተመለስን። በሩ አሁንም ሲጢጥ ይላል። ሱፉን ለብሰዋል፤ እሱን ማስቀረት አልቻልንም። የቤቱን ፎቶ፣ የልኬቱን ሠንጠረዥ፣ የራጁን ፊልምና የአለቃውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሰብሳቢዋ ቀና ብለው «አባት፣ እንዴት…» ሲሉ ዘልዬ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዴት ነዎት ብለው አይጠይቋቸው። ስለ መደርደሪያው ይጠይቋቸው።»

ሰብሳቢዋ አዩኝ፣ ፎቶዎቹን አዩ፣ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ አንዱን ፎቶ አነሱ።

«ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁመቱ?»

«አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት» አሉ ጋሽ ደህና ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «በውሃ ልክ ይለኩት፣ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።»

«ይሄኛውስ፣ ድርጅቱ ግድግዳ ላይ ያለው?»

«መጀመሪያ አንድ ከዘጠና። ከዚያ አንድ ከሰባ አምስት። ከዚያ አንድ ከአርባ ስምንት። ከዚያ አንድ ከሃያ ሁለት።»

«ለምን ዝቅ ዝቅ አደረጉት?»

ጋሽ ደህና አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ብርድ የምትለዋ ቃል ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ስትደርስ አየኋት። ግን የተጠየቁት ስለ ጤናቸው አይደለም፣ ስለ ልኬት ነው። እኚህ ሰው ስለ ራሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት ዋሽተዋል፤ ስለ ልኬት ግን በአንዲት ሴንቲሜትር ዋሽተው አያውቁም።

«እጄ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው» አሉ።

ወጣቱ ሐኪም ግራ ገብቶት «ባለፈው ግን ጆሮዎ ድረስ አንስተውት ነበር እኮ» አለ።

«አንሳ አልከኝ፣ አነሳሁ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መተኛቴን አልጠየቅከኝም።»

«ዛሬ ሳያስገድዱት የት ድረስ ይደርሳል?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ጋሽ ደህና ከሱፋቸው ኪስ ሜትራቸውን አወጡ፤ ለቦርድም ይዘውት መጥተዋል። ጫፉን ለእኔ ሰጥተው መሬት ላይ እንድይዝ አዘዙኝ። ግድግዳው አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሰደዱ። እጃቸው ቆመ። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ ሊያነብ ሲል እሳቸው ቀደሙት።

«አንድ ሜትር ከአምስት። ፍሬሙን ስሰቅል አንድ ከአሥር ነበርኩ። አምስት ወርዷል።»

«ያማል?» አሏቸው ሰብሳቢዋ ዝግ ብለው።

ወደ እትዬ ዞር አሉ። እትዬ እንደ ልጅ እጃቸውን አጣምረው ያዩዋቸዋል።

«ያማል» አሉ ጋሽ ደህና። «በጣም ያማል።»

ውጭ ጠብቁ ተባልን። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር እየተወዛወዘ ነበር፤ ጋሽ ደህና ተቀመጡበት እንጂ አልነኩትም። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተና ሰብሳቢዋ ራሳቸው ብቅ አሉ። ጉዳቱ ከሥራ የመጣና ቋሚ ነው፤ አበሉ ተፈቅዷል። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ እትዬ ግን ከእኔ ብሰው ሰብሳቢዋን አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ሳሟቸው፤ ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀችም አለቀሰችም። ጋሽ ደህና ስልኬን ተቀብለው ነጋዴው ጋ ደወሉ። «ጣሪያህን አልሠራም። አዎ። አሞኛል» አሉ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዓይነት እፎይታ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠሩኝ። የድሉን ደብዳቤ በአዲስ ፍሬም አስገብተውታል። የድሮው ውሳኔ ወርዷል። ሲወርድ ከአንድ ሰው በቀር ማንም አላዘነም፤ ያዘኑት እሳቸው ናቸው፣ መሳቢያ ውስጥ ደብቀውታል ይባላል።

መዶሻውን በእጄ አስጨበጡኝና «አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አናጺ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ ስትጽፍም አይቼሃለሁ። ውጣ።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከታች ሆነው «ወደ ግራ… አይ፣ የአንተ ግራ አይደለም… ሚስማሩን ያዘው እንጂ አትለምነው!» እያሉ ይመሩኛል። በሦስተኛው ምት አውራ ጣቴን አገኘሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከአፌ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

«አመመህ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ። «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል።»

ጋሽ ደህና ግድግዳውን በግራ እጃቸው ተደግፈው፣ እትዬ ከወጥ ቤት ሮጠው እስኪመጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ጣቴን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ አገላብጠው መረመሩት።

«ውሸታም» አሉኝ። «ሂድና ሐኪም ይየው። የሚሰጥህንም ወረቀት እንዳትጥል።»